ሦስት ሚሊ

ሰኞ ጠዋት ጅማ፣ ዝናብ ሳያባራ፣
ከሂርማታ በኩል፣ ባጃጅ እያጓራ፣
ወንበሩ ይሞላል፣ በሩን ሳንከፍት ገና፤
አንዱ ሆዱን ይዞ፣ አንዷ ግን በደህና።

እኔ ደም ቀጂ ነኝ፣ አሥራ ሁለት ዓመት
ጅማ ላይ ስዳብስ፣ ከቆዳ ሥር ጅማት።
አንዳንዱ ይሸሻል፣ እንደ ዓሣ ዘሎ፣
አንዳንዱ ይቆማል፣ መርፌዬን ተቀብሎ።

ዶክተር ሌንጂሳማ፣ ጉንፋን ሆነ ወለምታ፣
«ደም ይታይ» ይላሉ፣ ሳይወስዱ ፋታ፤
ስኳር፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ የደም ማነስ ጭምር፤
አንዳንዴ በሆዴ፣ «ምን ሊሆን ይህ ቁጥር?»

ምክንያቱም አብዛኛው፣ ወረቀት ሲወጣ፣
«ደህና ነው» ይላል እንጂ፣ ጉድ ይዞ አይመጣ።
አንዳንዱ ግን አጥፎ፣ ከደረቱ ይከታል፣
እንደ ክታብ ይዞት፣ ወደ ቆጪ ይወርዳል።

አምና እማማ ድንቅቱ፣ ከሰርቦ መጥተው፣
የጉበታቸው ቁጥር፣ ጥቂት ከፍ ቢልባቸው፣
ጊደር ሸጠው ሄዱ፣ አዲስ አበባ ድረስ።
ምንም አልነበረም። ጊደሯ ግን አትመለስ።
ያንን ውጬ ብቻ፣ ሙያዬን ባሞግስ፣
ከሰልፈኛው ቀድሜ፣ እኔው ልፈወስ።

ግን ደግሞ ነስሩ አለ።

በርጩማ ጠራቢው፣ ነስሩ አባ ፊጣ፣
አውራ ጣቱን መሮ፣ ሰንጥቆት የመጣ።
«ቶሎ ስፉኝና፣ ልሂድ ወደ ሥራ፤
ዋንዛው ይደርቅና፣ ይሆናል ኪሳራ።»
«ደም ይታይ» ሲባልም፦ «ወለሉ ላይ አለ፤
እሱን መዝኑ» ብሎ፣ እጅጌውን ሰቀለ።

ሦስት ሚሊ ብቻ፤ ከሻይ ማንኪያ ያነሰ።
ስኳሩ አራት መቶ፣ አልፎ ገሰገሰ።
ሌሊት ሲመላለስ፣ ውኃ ውኃ ሲለው፣
«ብርድ ነው፣ ክረምት ነው» እያለ ያለፈው።
ደሙ ግን ያውቅ ነበር፤ እንደ ዝምተኛ ምስክር፣
ችሎት ካልጠራው በቀር፣ የማይናገር።

አሁን በየሦስት ወር፣ ይመጣል ተሰልፎ፣
እግሩን ያሳየኛል፣ ካልሲውን ገፎ፤
አሥሩም ጣት አሉ።

በርጩማ ሰጥቶኛል፣ ባለ ሦስት እግር፣
ጎርባጣ ወለል ላይ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድር።
በሱ ላይ ሆኜ ነው፣ ዛሬም የምቀዳ፣
ከደህና ሰው ክንድ ላይ፣ ያልታወቀ ዕዳ፤
ምናልባትም ምንም።

ስምና ቀን ጽፌ፣ ብልቃጡን አገላብጣለሁ፤
ዝናቡ አላባራም። ቀጣዩን እጠራለሁ።