ከብት ሲገባ

ገደል ያደረ ጭላዳ ፀሐይ ሊሞቅ ሲወጣ፣
እኔም ከመሐል ሜዳ በጉም በቁር ስመጣ፣
እርሳስ ነበር የምይዝ፣ ቀለም ጉም ያጥበዋልና፤
«ጆሮ-ቅዷ ወለደች፦ ጥቁር፣ ሴት፣ ደኅና።»

ሁለት ሰዓት ከዐሥር፦ ጡት ትታ ሣር ነጨች፤
ሁለት ከዐሥራ አንድ፦ ደንግጣ ጀርባ ወጣች።
ዐሥራ ሰባት ዓመት የስንቱን ጭላዳ
ጥርሱን፣ ጠቡን፣ ጡት መጣሉን ለቀምኩ ከጓሳ ሜዳ።

ከዚያ ሁሉ አንድ ማታ፣ ጎረቤቴ ስንዱ
«ወለላ ሄደች እኮ! እነዚያ እግሮቿ ሄዱ!»
አለችኝ፣ ልጄን አቅፋ፣ ከአጥሩ በር ላይ።

«በስንት ሰዓት?» አልኩ። እጄ ኪሴን ዳበሰ።
«ከስንት ደቂቃ? ማን አጠገቧ ነበር? ወደቀች? ማን አለቀሰ?»
ስንዱ አየችኝ። ዝም። ከዚያ ሳቋ ፈነዳ፤
«እኔ ምን አውቃለሁ! ልጅ ነው የያዝኩት፣ መች ጭላዳ?
ከብት ሲገባ ነዋ!»

ያን ሌሊት በባትሪ ደብተሬን ገለጥኩት፤
ከጆሮ-ቅዷ ልጅ በታች በእርሳስ አሰፈርኩት፦

ወለላ። ሴት። ሁለት እርምጃ።
ሰዓት፦ ከብት ሲገባ።
ያየው ሰው፦ ስንዱ።