አንዲት መስመር

ሄርማታ ነው መሥሪያ ቤቴ፣ ከመስኮቱ ሥር ወንበሬ፤
ልደትን ከሞት ስመዘግብ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ዛሬ።
በቅጹ ላይ አንዲት መስመር፣ ከጣት የማትረዝም አለች፤
«የእናት ሙሉ ስም» ትላለች።
እጄ ለምዷት፣ ዓይኔን ሳልጥል ነበር የምሞላት፤
ማን ይጠረጥራታል? አባት በእምነት ነው፣ እናት በእውነት።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው፣ ዝናብ ጣሪያውን ሲወቅጠው፣
ሁለት ሴቶች ገቡ ባንድ ጃንጥላ፣ አንድ አራስ ልጅ አስጠልለው።
ነጂማ ሸሪፍ ናት ያቀፈችው፤ መንደራ ልብስ ትሰፋለች፤
ትርፌ ከኋላዋ ቆማ፣ በነጠላ ጫፍ ደረቷን ትሸፍናለች፤
ወተቱ ጥሪ ሳይጠብቅ ቀሚሷን አርሶት ነበር።

«የማን ልጅ ነው?» አልኩ፣ እንደ ልማዴ።
«የእኔ» አለች ነጂማ።
ትርፌ ዝም።
«የወለደችውስ?»
«እሷ።»
«እንግዲያ እንቁላሉ ያንቺ ነው» አልኩ፣ ሬዲዮ እንዳዳመጠ ሰው አዋቂ ሆኜ።
ራሷን ነቀነቀች።
የእሷም አይደለም። የባሏ የሙዘሚልም ዘር የለበትም፤
እሱ ከደጅ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ ሊገባ አፍሮ ተቀምጧል።

ሩቅ ከተማ፣ «ልጅ በቃን» ያሉ ባልና ሚስት
የተዉት ሽል ነው፤ ስድስት ዓመት
በብልቃጥ፣ ከበረዶ በባሰ ብርድ የተኛ፤
ሞተ እንዳይባል አልኖረ፣ ኖረ እንዳይባል አልነቃ።
ታላቅ ወንድም አለው አሉኝ፣ ባንድ ቀን የተፀነሰ፤
ያ አንደኛ ክፍል ገብቷል፣ የዚህ እትብት ጫፉ ገና አልተበጠሰ።
ነገ ሽማግሌ ሲልክ፣ ሰባት ቤት ቁጠር ቢሉት፣
ከየትኛው ቤት ይጀምር? ስንት ደጅ ያንኳኳ ላንድ አባት?

ሕጉን አወጣሁ። ገጹ በአውራ ጣቴ ወዝ ጠቁሯል።
እናት የወለደች ናት ይላል፤
የጻፉት ሰዎች ብልቃጥ በሕልማቸውም አልመጣ።
ሕግ እንደ አዌቱ ወንዝ ነው፣ በቆፈሩለት ይሄዳል፤
ክረምት ሲገባ ግን ከሰው ደጅ ያድራል።

ሰፈሩ «ኪራይ ነው» ብሎ ያማል። ተከራይስ፣ አዎ፣ ነበረች፤
ትርፌ ከነጂማ ጓሮ ቤት፣ ከልጆቿ ጋር ሦስት ዓመት ኖረች።
ውዝፉን ማን ለማን እንደማረው፣
ማን ማንን እንደተከራየ ልጠይቅ ብዬ፣
ከንፈሬ ላይ ሲደርስ ዋጥኩት።
እኔ ራሴ ሰቃ ተወልጄ ጅሬን ያደግሁ ጉዲፈቻ ነኝ፤
በሽማግሌ ፊት ተሰጠሁ፣
የሰጠችኝም የተቀበለችኝም ስም ነበራቸው።
የዚህ ሰጪ ቁጥር ናት፣ በብልቃጥ አንገት ላይ የተለጠፈች።

«ጌታው፣» አለች ትርፌ፣ «ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አላጥፍም።
ሌሊት ሲራገጥ ግን እኔን ነበር የሚቀሰቅሰኝ፣
እሷን አልነበረም።»
ነጂማ አልመለሰችም።
የሕፃኑን ኮፍያ ወደ ጆሮው ሳበች፤
ወር እየቆጠረች፣ ስድስቴ አፍርሳ የሰፋችው ኮፍያ ነው።
አያቶቼ ይስሙ አይስሙ እንጃ፣
እናትም ወደ እምነት ተሻግራለች።

ጻፍኩ።
ትርፌ ወልደየስ፣ እናት።
ቀጥሎ ለነጂማ ሌላ መስመር አሳየኋት፣ ከታች፣
«ምስክር» የምትለዋን።
ፍርድ ቤት ቆማ የገዛ ልጇን እስክትለምን፣
ዳኛው «ጉዲፈቻ» ብሎ ማኅተም እስኪመታ፣
የልጁ ምስክር ናት።

ብዕሩን እንደ መርፌ ያዘችው። ፈረመች፣ ወረቀቱ እስኪበሳ።
ይዘውት ወጡ፤ ባጃጁ አቃሰተ፣ ሄደ።
ቅጹን ሳነሳው፣ ስሟ ከሥሩ ባለው ቅጂ ላይ ነበር፤
ቅጂውን ሳነሳው፣ ጠረጴዛው ላይ።
ዛሬም አለ። የሌላ ሰው ልጅ ስመዘግብ
ክንዴን ይቆረቁረኛል።