ሞተር የማያጠፋው ሽማግሌ

ከመስኮቱ ወዲያ አርባ ሰባት ከዜሮ በታች፤
ጭጋግ ያኩትስክን ውጧታል፣ ከተማይቱ የለች።
ከመስኮቱ ወዲህ፣ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ዘጠና ስምንት ዲግሪ፤
ላፕቶፔ ያጓራል እንደ ሰከረ ተናጋሪ።
በጨዋታው መሃል፣ ጠላት በሬን ሲሰብር፣
ስክሪኑ ድርግም፤ እሞታለሁ ጥይት ሳልሰማ፣ ያለ ክብር።

አንድ ማታ ብልሃት መጣልኝ፤ በረንዳ ላይ አወጣሁት፣
የእግዜርን ብርድ በነጻ ይጠጣ ብዬ ተውኩት።
ስመልሰው አላበው፤ ውሃ በቁልፎቹ መሃል ወረደ፤
ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አለኝ፤ ልቤም አብሮ በረደ።

አርባ ዓመት የጭነት መኪና ጠግኖ፣ ሁለት ጣቱን ለውርጭ ሰጥቶ፣
ሳያንኳኳ ገባ ዱሉስታን፣ ዝምታዬን ከላይኛው ፎቅ ሰምቶ።
«ያ አውሬ ምን ነካው? ለምጄው ነበር እኮ» አለኝ።
ነገርኩት። ሳቀ። «ትንሿን ካቻቢቴ አቀብለኝ።»

አስራ አንድ ብሎን። አስሩን ሻይ ሰሃን ላይ ኮለኮለ፣
በነበሩበት ቅርጽ፤ አስራ አንደኛው ጥርሱ ሟሙቶ «አልወጣም» አለ።
የእህቴን የጸጉር ላስቲክ ደርቦ ካቻቢቴውን ሲጫነው፣
ጥቂት አንገራገረና ወጣ፤ የግትር መድኃኒቱ ማባበል ነው።
ክዳኑ በአውቶቡስ ካርዴ ጠርዝ ቀጭ ቀጭ እያለ ተከፈለ፤
«ባትሪውን አስቀድመህ ንቀል፤ ውሻ ቢተኛም ጥርስ አለው» አለ።

እሳት አመድ ወለደ ማለት ይሄ ነው፤ ማራገቢያዎቹ ለብሰው ሱፍ፦
የድመታችን የሶስት ዓመት ጸጉር፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ የምንጣፍ እድፍ፣
ከአጭሩ በጋ የተረፈ አንድ የደረቀ የትንኝ ክንፍ።
መዳቡን ሲያነሳው፣ ከስሩ ቅባቱ
ውሃ እንደሸሸው ጭቃ ተሰነጣጥቆ፣ አልቆ ጉልበቱ።
«ግራሶ ሲደርቅ ማን ይተርፋል?» አለ። የማጽጃውን አልኮል
አየ፣ አሸተተ፦ «የማይጠጣ! እንዴት ያለ በደል!»
አዲሱ ቅባት ምስር ታህል። ሁለት ሜሞሪ፣ ከኖቮሲቢርስክ በፖስታ፣
የዳቦ ቤት ሌሊቶቼ ዋጋ፤ በአውራ ጣቱ ገፋቸው፣ ጠቅ፣ በዝግታ።

ከዚያ እጁ ቆመ።

«አይኻል፣ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሞተር እንዳይቀዘቅዝ ስጠብቅ ነው።
ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ቁልፍ አላዞርም። ስበላ ይሰራል፣ ስተኛ ይሰራል፤
ልጄ ስትወለድ ሆስፒታሉ በር ላይ ይንተከተክ ነበር።
እዚህ አገር ሞተር ያጠፋ ሰው እስከ ፀደይ ብረት ይጠብቃል።
አንተ ደግሞ አቀዝቅዝልኝ ትላለህ!»
ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።
«አንዴ አጥፍቻለሁ። ጓዴ ኬስኪል በረዶ ውስጥ ጠፍቶ፣
በዚያ ሁሉ ጉርምርምታ ድምጹ እንዳያመልጠኝ።
ጸጥ ሲል ሰማሁት። ሩቅ አልነበረም።
መኪናው ግን አልነሳም፤ በእግር ተመለስን።»
የቀሩትን ሶስት ጣቶቹን ዘረጋ፣ አጠፈ።

ገጠምነው። አንድ ብሎን ተረፈ።
«ሁሌም አንድ ይተርፋል» አለ፤ «እግዜርም ሰውን ሲሰራ ሳይተርፈው አይቀር።»
ሰባ አንድ ዲግሪ። ጨዋታው ይሮጣል፤
ማራገቢያው ሹክሹክታ ነው።
ዱሉስታን ጆሮውን አስጠጋ፣ ጠበቀ፣ ቅር አለው፤
ደረጃውን ወጣ።

ማታ፣ ጠላት በሬን ሰብሮ፣ እኔ ገና በሕይወት እያለሁ፣
ጣሪያው ሁለቴ ተመታ፣ በተረከዝ፤ ኳ፣ ኳ።
ማዳመጫዬን አወለቅሁ። ጨዋታውን አቆምኩ።
በመጥረጊያው እንጨት መለስኩለት፦
አለሁ።