አራት ብሎን

ከኳርትዝሳይት ወዲያ፣ ጠጠር ብቻ ካለበት፣
ብርድ የሸሸ ሁሉ ቤቱን ነድቶ ከሚያርፍበት፣
ሦስት ሌሊት ሰማኋት፣
ከወለሉ ሥር ጠብ ስትል። ቆጠርኳት።
አንተም ነቅተህ ነበር፤ ትንፋሽህ ያስታውቃል፤
ቤት ሲያንጠባጥብ ባለቤት እንዴት ይተኛል?

«ሆድ ይፍጀው» ይባላል፣ ሰው ነገሩን ሲውጥ፤
የእኛም ቤት ሆድ አለው፣ ከመጸዳጃው ሥር የሚቀመጥ፣
አርባ ጋሎን የሚይዝ፣ ጥቁሩ ታንከር፣
የጠዋት የማታውን ሳይናገር የሚያኖር።
በሩ አንዲት ላሜራ ናት፤ ሲስቧት ትወጣለች፣
ሲገፏት ትገባለች።
ድሮ።
አሁን እጀታው ግማሽ መንገድ ሄዶ ይነክሳል፣
ያልተዘጋው በጠብታ ይፈሳል።

አንተ ነበርክ ከሥር የምትተኛ፣
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በፒንሳና በፉጨት፤
እኔ መብራት ያዥ ነበርኩ፣ «ወደ ግራ!» ሲሉኝ የምል «የት?»
ዘንድሮ እጅህ ራሱን ችሎ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤
ከሳህኑ እስከ ከንፈርህ የማንኪያው መንገድ ረዘመ።

ሜርል ከጎረቤት መጣ፣ መፍቻውን በኪሱ ይዞ፣
«ግማሽ ሰዓት አይፈጅብኝም» አለ። ደግ ሰው ነው።
አንተ ግን «ኦርላ ትሠራዋለች» አልከው።
እኔ? ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት ሒሳብ የዘጋሁ፣
ሳንቲም ሲጎድል እንጂ ብሎን ሲጎድል የማላውቅ?
ዞሬ አየሁህ።
አልቀለድክም።

ታንከሩን አራግፈን፣ ሁለቴ አጠብነው
(ይህን የሚረሳ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚረሳው)፤
ካርቶን ዘርግቼ፣ ጓንት አጥልቄ፣ በጀርባዬ ገባሁ።
አንተ ከታጣፊ ወንበርህ፣ እንደ ዳኛ፦
«አራት ብሎን ናቸው። በሰያፍ ፍቻቸው። አትቸኩይ።
ጎሚኒው ላይ ግራሶ ቀቢ። ሲቆነጠጥ እዪ።»

ሦስቱ ወጡ።
አራተኛው ዝጎ ከዳዶው ጋር ተጋብቷል፣
አንዱን ሲያዞሩት ሌላው አብሮ ይዞራል።
ዘይት ሰጠሁት። ጠበቅሁ። ተሳደብሁ።
ከላይ ስትስቅ ሰማሁ።
ከዚያ ቀጭ!

አጥበነው አልነበር?
ከቱቦው ክርን የተደበቀች፣ ስኒ የማትሞላ፣
ቀን ስትጠብቅ ኖራ፣
ክንዴን ይዛ እስከ ብብቴ ወረደች።
ጮኽሁ። «ምን ሆንሽ?» ወንበርህ ሲጢጥ አለ።
«ምንም! ተጠመቅሁ!»
የማን ድርሻ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤
ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ ያንተ የእኔ የለም።

አዲሱን ስገጥም ብሎኑን አንተ አቀበልከኝ፣
አንድ በአንድ፣ በሚንቀጠቀጥ መዳፍህ ላይ እየዘለሉ።
ሁለተኛው ወደቀ፣ ጠጠሩ ዋጠው።
እኔ በሆዴ፣ አንተ ተንበርክከህ፣
ጎማውን መሐል አድርገን ፈለግነው።
ፊትህን ከጎማው ወዲያ አየሁት፤ ቀልቷል።
«ጸሐይ ነው» አልክ።
«አዎ፣ ጸሐይ ነው» አልኩ።
ከደመናው በታች።

ማታ ውሃ ሞላን። ሳብኩ፣ ገፋሁ፤ ላሜራዋ ቅቤ ሆነች።
ካርቶኑን ከሥር አነጠፍን፤ ሌሊቱን ምንም አልሰማሁ፣
ባለመስማቴ ግን አልተኛሁ።

ንጋት ላይ ካርቶኑ መሐል አንዲት ነጥብ አለች፣ የምስር ፍሬ ታህላለች።
«ጤዛ ነው» አልክ። በዚህ በረሃ?
እንደ ልማድህ እርሳስ አወጣህ፣ ነጥቧን ልትከብባት፤
«ነገ ከመስመሩ ካላለፈች፣ ጤዛ ናት።»
ቫልቩ ገጥሟል፤
ክቡ ግን አልገጠመም፤ መነሻው ወዲህ፣ መድረሻው ወዲያ፣
በመሐሉ የአንዲት ጣት ክፍተት።
ሒሳብ ዘጊ ነኝ፤ ክፍት ነገር አልወድም።
እርሳሱን ልቀበልህ እጄን ዘረጋሁ፣
መለስኩት።

ሜርል ውሻውን ይዞ ሲያልፍ፣
«ያዘ?» አለ።
«ያዘ» አልከው፣
ካርቶኑን ረግጠህ ቆመህ።