ያልተቀደደች ኩፖን

ያን ዓመትም ገና በሃያ ዘጠኝ፣ ደሞዝ በሠላሳ፤
አንዲት ቀን ናት መሀላቸው፤ አንዲት ቀን፣ ሙሉ አበሳ።
«ደሞዝስ?» ሲሉኝ «ገና ነው»፤ «በዓሉስ?» ሲሉኝ «ገና»፤
ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጠሁ፣ አፌ ሌላ የለውምና።

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ጉድጓድ ነው ብቻ፤
ውሃ ከመጣም በሌሊት ነው፣ ጀሪካን ይዞ ዘመቻ።
ስፌት ፋብሪካ ነበርኩ ያኔ፤ እጅጌ መግጠም ነው ሥራዬ፤
ፍተሻ ያለፈ ቁርጥራጭ ጨርቅ ዘረገፍኩ ከቦርሳዬ፤
ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ባለ መስመር፣ ባለቤቱን የማናውቀው፣
ባሕር ሊሻገር ተነሥቶ መቀስ መንገድ ላይ ያስቀረው።

«ስጦታ እንሥራ» አልኳቸው። ኬብሮን ቅንድቧን ሰቀለች፤
«ስጦታ ይገዛል እንጂ ይሠራል እንዴ?» አለች።
የክፍሏ ልጅ አሻንጉሊት አላት፣ ያውም ከውጭ የመጣች፤
ሲያስተኟት ዓይኗን ትከድናለች፣ ሲያቆሟት «ማማ» ትላለች።
መልስ አልነበረኝም። መርፌ ሰጠኋት።
ዝም ብላ አየችኝ፤ የክሩን ጫፍ በምራቋ አሾለች።

መብራት ሄደ። ሚልኪ የስልኬን ባትሪ አበራ፤
ውሃ የሞላ ሃይላንድ ጫነበት፤ ጣራው እንደ ኩሬ ተብራራ።

በዚያ በሚዋኝ ብርሃን፣
ለጋሽ ቱፋ፣ ለጥበቃው፣ ሌሊቱን ለሚቀመጡበት ብሎኬት፣
ትራስ ሰፋን፤ ኬብሮን ወርዳ በስንዝሯ አመጣች ልኬት።
ጥንድ የሞተባቸው ሦስት ካልሲዎች ሆዱ ገቡ፣ አንድ እጅጌም ሳይቀር፤
ጎኑ ዘመመ፣ ስፌቱ ጎረበጠ፤
አልጋ ነው ግን፣ ከብሎኬት ጋር ሲነጻጸር።
(ሁለት ቀን አልተቀመጡበትም፤ «ይቆሽሻል» ብለው አቅፈውት አደሩ።)

ለእትዬ ዘርፌ፣ ለጎረቤታችን፣ ቁልፍ ሁሌ ለሚጠፋባቸው፣
ስድስት ቆርኪ በሽቦ ሰካን፣ ሲጥሉት እንዲጠራቸው።

ኬብሮን ለራሷ ሰው ሠራች፤ ግራጫ ፊት፣ የሸሚዝ ቁልፍ ዓይን፣
አንደኛው ነጭ፣ አንደኛው ጥቁር።
«ይቺ እንኳ ዓይኗን አትከድንም» አልኳት፣ እንዳይከፋት ፈርቼ።
«ደግ!» አለች፣ «ሌሊት ውሃ ሲመጣ ትቀሰቅሰናለች።»

ሚልኪ ጀርባውን ሰጠን። በብስኩት ካርቶን ላይ ይጽፋል፤
ቀና ስል በክንዱ ይሸፍናል፣ ስመለስ ደግሞ ይቀጥላል።
«ቀይ ሥር አለን?» ብሎ ጠየቀ፤
«ለምንህ?» ብለው፣ «የቢሮ ሥራ ነው» ብሎ ራቀ።

የገና ዕለት፣ ማለዳ፣ ከትራሴ ሥር አገኘሁ፤
አምስት ቁራጭ ካርቶን፣ በሰማያዊ ክር የተሰፋ።
«ይህ ኩፖን ለእማዬ ነው።
አንድ ጀሪካን ውሃ፣ እስከ አራተኛ ፎቅ፣
ያለ ማጉረምረም።»
ከሥሩ ማኅተም አለው፤ ክብ፣ ጥርሳም፣ ቀይ፤
ቆርኪ ነው፣ ቀይ ሥር ውስጥ ተነክሮ የተመታ።
ወረዳ ማኅተም የሌለው ወረቀት እንደማይቀበል
ከእኔ ጋር ተሰልፎ ተምሯል።

ሰባት ዓመቱ ነበር። ባለ አምስት ሊትሯን በሁለት እጁ አቅፎ፣
በየፎቁ አንዳንዴ አርፎ፣
ግማሹን ደረጃው ጠጥቶት፣ ግማሹን ደረቱ፣
ደረሰ። አላጉረመረመም። ኩፖኑን ቀደድኩለት በፊቱ።

ደሞዝ በማግስቱ ገባ። ምን እንደገዛሁበት ጠፍቶኛል።
ሚልኪ ዛሬ ባለ ሃያውን በአንድ ትከሻ ያወጣል፤
ማንም ሳይጠይቀው ያወጣል፤ ማጉረምረሙንማ ያጉረመርማል።
አራቱ ተቀደዱ።
አምስተኛዋ ከቤቱ ውል ጋር ናት፣ ከባንክ ደረሰኞች ሥር።
አልፎ አልፎ አወጣና አያታለሁ፤
ቀይ ሥሩ ወይቧል፣ የቆርኪው ጥርስ ግን ይቆጠራል።
የምታበቃበትን ቀን
አልጻፈባትም።