ዓይኑ «ዓ»

ሽምብጥ፥ ከሐይቁ ዳር፥ ከማኅበሩ ቢሮ፥
አሮጌው ማሽናችን በቫይረስ ታውሮ፥
ይታይሽ መጣችና ፍላሿን ሰክታ
ዊንዶውስን ነቀለች፥ ሊኑክስን ተክታ።
«ልመጂው» አለችኝ፥ ጥቁር መስኮት ከፍታ።

ጣቴ ግን የድሮ ነው፤ የለመደው ሌላ።
«ፋይንድ» ብዬ ጻፍሁኝ በቀደመው መላ።
በዚያኛው ቤት ፋይንድ፥ ፋይል ገልጦ ገብቶ
ቃል ነበር የሚያመጣ ከሆዱ አውጥቶ፤
በዚህኛው ፋይንድ ደጅ ለደጅ ዟሪ፥
የፋይል ስም ጠሪ፥ በር ብቻ ቆጣሪ።
ስም ተዋረሱ እንጂ ግብር አልወረሱ፤
እንደ ሞክሼ ዛር ነው፥ ለየቅል ነው ምሱ።
«እንዲህ ያለ ፋይልም፥ ማኅደርም የለም»
አለኝ እንደ ዘበኛ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም።

ደወልሁ ለይታይሽ። ባጃጅ ላይ ነበረች፥
«ቃል ከሆነ ነገሩ፥ ግሬፕ በይው» አለች፤
«ሰረዝ አር ጨምሪ፥ ታች ድረስ ይወርዳል»፤
የቀረውን ነፋስ ከአፏ ነጥቆ ወስዷል።

ነገ ስብሰባ አለን፤ ሊቀመንበር ዘለቀ
«ቁጥር አምጪ» ብሎኛል፥ ስንቱ አሳ እንዳለቀ።
የምሻው የአስማረን የሚዛን መዝገብ ነው፥
እምቦጭ ሳይመጣ፥ ሐይቁን ሳይከድነው፥
በየቀኑ ጧት ጧት መዝኖ የጻፈው።
«አሳ» ብዬ ላክሁት። ግሬፕ ጠልቆ ወርዶ
ወጣ እንደ ሰነፍ መረብ፥ አንድም ሳይዝ፥ ባዶ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲመዝን የኖረ፥
አንድ ቀን «አሳ» ሳይል ሞተ ወይ አስማረ?

ከመስኮቱ ማዶ፥ ሚዛኑ ሳህን ላይ
አምባዛ ይንደፋደፋል። አንዲት ገዢ ጎንበስ ብላ
ዓይኑን ታያለች።

ዓይኑን።

ትዝ አለኝ ንዝንዙ። የዘጌ ተማሪ፥
ድጓ የዘለቀ፥ የፊደል ተቆርቋሪ፦
«በአልፋው ስትጽፊው ዓይን የለው ይህ ዓሣ፤
ዓይን የሌለውን ደግሞ ገዢ አያነሣ።
'ሣ'ውም ንጉሡ ነው!» እኔ እስቅ ነበር፤
ድስት ውስጥ ከገባ ማን ፊደል ሊቆጥር።

ማሽኑ ግን ቆጠረ። እንደሱው ነው ለካ፤
ጆሮ የለውምና በዓይን ነው የሚለካ።

«ዓሣ» ብዬ ጻፍሁለት።

ፈላ ከታች ወደ ላይ፥ መስመር በመስመር፦
ሰኔ ሦስት፥ ዓሣ አርባ ሁለት ኪሎ፤ ነፋስ።
ሰኔ አራት፥ ዓሣ የለም፤ መረቡ ተቀዷል።
ሰኔ አምስት፥ ዓሣ ዘጠኝ ኪሎ ብቻ፤ ጥሩዓይኔት
ዛሬም በአልፋ ጻፈች።