ልብ ግዛ

ግሽ ዓባይ ሰፈር ውስጥ፣ ቀይ አምፖል የሚያበራ፣
ያ ሥጋ ቤት የኔ ነው፣ ከዘንባባው ተራ።
ሠላሳ ዓመት ቆሜ፣ ነጭ ጋዋን ደርቤ፣
ያልሸጥኩት የለኝም፣ ከጉበት እስከ ልቤ።

ሽንጡን ለባለጉዳይ፣ ዳቢቱን ለሙሽራ፣
ጮማውን ለራሴ፤ ማን ነበር የሚፈራ?
የቆራጭ ደንብ ነው፣ ሲቆርጡ መቅመስ፣
በሚጥሚጣ ነክሮ፣ በአዋዜ ማራስ።
አስር ሰዓት ላይ ጥሬ፣ ማታ ደግሞ ጥብስ፣
ቅቤው ከድስቱ ወርዶ፣ ምድጃ እስኪያለብስ።
አትጠገብ ሚስቴ፣ ስሟን ለኔ ሰጥታ፣
«አትጠግብም» ትለኛለች፣ ሳህኑን ቀምታ።

ጥቅምት ማለዳ ነው። የበሬ ጭን ተሸክሜ፣
ከመኪናው ወርጄ፣ ከደረጃው ቆሜ፣
የገዛ መንጠቆዬ፣ ደረቴን ወግቶ ሳበ፤
ግራ እጄ ደነዘዘ፣ ላቤ ተንጠበጠበ።
ባጃጅ ነው ያደረሰኝ፣ ፈለገ ሕይወት በር፤
ከዚያ ወዲያ ትዝ የሚለኝ፣ የጣሪያው ነጭ ነበር።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ዶክተር እንጉዳይ፣
የደሜን ወረቀት አይታ፣ «ይህማ ከባድ ጉዳይ!
ሥራዎ ምንድን ነው?» «ሥጋ ቆራጭ» አልኳት።
ሳቋን ልትውጥ ሞክራ፣ ጥርሷ አጋለጣት።
«አባባ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «ብዙ ልብ ሸጠዋል፤
አንድ ለራስዎ መግዣ፣ ቀኑ ዛሬ ሆኗል።
ጨው ይቀንሱ፤ ጮማ ይቅር፤ ቅቤው በማንኪያ ጫፍ፤
ያ የሚረጋው ዘይት፣ አይለፍ ከደጃፍ።
ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን ያክብሩ፤
ሐይቁም እደጅዎ ነው፣ ዓሣ ይሞክሩ።
ረቡዕና ዓርብን፣ ወትሮም ይጾማሉ፤
ለማክሰኞ፣ ለሐሙስ፣ ቢያበድሩ ምን ይላሉ?»

ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ሲባል የኖረ ጨው፣
ዛሬ በኔ ተራ ሆነ፤ ለራስህ ስትል ተው።

የመጀመሪያው ሳምንት፣ ምላሴ አለቀሰ፤
ሽሮው ውኃ ውኃ አለኝ፣ ጎመኑ ኮሰሰ።
በእጄ ጮማ እየቆረጥኩ፣ ምራቄን እየዋጥኩ፣
እንደ ሙሽራ ሚዜ፣ የሰው ሠርግ አጫወትኩ።
አንድ ሌሊት ደግሞ፣ ይነገር፣ አልዋሽም፣
ተደብቄ ጎድን ጠበስኩ፤ አትጠገብ አልጮኸችም፤
መብራቱን አበራች፣ አጠገቤ ቁጭ አለች፣
ጥቁር ቀሚሷን አውጥታ፣ ርዝመቱን ለካች።

ጎድኑን ለውሻ ሰጠሁ።

አሁን ጎሕ ሲቀድ፣ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፤
ጉማሬ የረገጠውን፣ ደንገሉን እያየሁ።
ጭጋጉን ሰንጥቆ፣ የአለኸኝ ታንኳ ሲመጣ፣
«ቆራጩ ጾም ያዘ!» ይላል፣ መረቡን እያወጣ።
ቆሮሶ ሁለት፣ ሦስት፤ አንዳንዴም አምባዛ፤
አትጠገብ ትጠብቃለች፣ ሎሚና ቃሪያ ይዛ።
የኑግ ዘይት ጠብታ፣ የዳጉሳ እንጀራ፣
ከዘጌ የመጣ ማንጎ፣ ጉንጩ የበራ።
ምላስም ለካ ይማራል፣ እንደ ሕፃን ቀስ በቀስ፤
ጎመን ጣዕም ነበረው፤ ጨው ሆኖበት ከባድ ልብስ።

ድኛለሁ አልልም። ኪኒኑ ኪሴ ውስጥ አለ፤
ደረጃ ስወጣ ዛሬም፣ ደረቴ «ቆይ» ካለ
እቆማለሁ።
ሱቁን ግን አልዘጋሁም፤ እንጀራዬ ነው መቼስ፤
ቢላዬ ነው የተማረው፣ ስቡን ገፎ መቀነስ።

ቅዳሜ ማታ አንድ ጎረምሳ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ፣
«ጋሼ፣ ጮማውን ብቻ!» አለኝ፣ «ሁለት ኪሎ!»
ቢላዬ አየር ላይ ቆመ፤ ዓይኑን ትክ ብዬ አየሁ፤
«ልብ ገዝተሃል ወይ፣ ልጄ?» ብዬ ጠየቅሁ።
«ልብም አለ? ኪሎው ስንት ነው?» አለኝ እየሳቀ።
የኔን ዋጋ ልነግረው፣ ምላሴ ታነቀ፤
ዝም ብዬ ከጮማው ላይ፣ ሁለት ጣት ያህል ቀነስኩ፣
ሚዛኑ እንዳይጎድልበት፣ በቀይ ሥጋ መለስኩ።